«በሆዴ ተኝቼ ብነቃስ?»

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እንደምን አሉ? የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 9ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን፤ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ሥራዬ አስተማሪነት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አማቴ ግን ‹በሆድሽ ከተኛሽ ልጁን ትጫኚዋለሽ፣ በጀርባሽ ከተኛሽ ይታፈናል፣ ስትገላበጪም መጀመሪያ ቁጭ ካላልሽ እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በግራ ጎኔ ብቻ ለመተኛት ስታገል አድራለሁ፤ ትከሻዬ ደንዝዟል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፣ ማታ ቃር ይይዘኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማንቀላፋት ጀምሬያለሁ። የነቢያትን ጾምም እየጾምኩ ነው። ትናንት ሌሊት በሆዴ ተኝቼ ነቃሁና አለቀስኩ። ልጄን ጎድቼው ይሆን? የእንቅልፍ ኪኒንስ ብወስድ ችግር አለው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ በሽልም ያውጣሽ። ልጅሽን አልጎዳሽውም። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩልሽ ቀሪውን ሳትጨርሺ እንቅልፍ ቢወስድሽ እንኳ ዋናውን ይዘሽ እንድትተኚ ነው።

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ጤና ጣቢያ ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያ ክትትል የሚመጡ እናቶች ስለ አተኛኘት ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ስለ ጎን ነው፤ ግራ ይሻላል ቀኝ? ቁጭ ብለው ሲያወሩኝ ግን እንቅልፍ የነሳቸው የጎኑ ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል። ሽንቱ ነው፣ ባዶ ሆዱ ነው፣ ቃሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ተሳስቼ ብተኛስ» የሚለው ፍርሃት ነው። ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ የጎኑን ጉዳይ መጀመሪያ እንገላገለው።

እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊና ቀስ እያልሽ ወደ ታች ውረጂ። ሆድሽ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጠንካራ አጥንት ይነካሻል። ማህፀንሽ ዛሬ ያለው ከዚያ አጥንት ጀርባ፣ ዳሌሽ ውስጥ ነው። ከአጥንቱ በላይ ብቅ ብሎ በእጅ የሚዳሰሰው ወደ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ እምብርትሽ ጋ የሚደርሰው ደግሞ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ። ፅንሱ ራሱ አሁን ከአናቱ እስከ መቀመጫው 2.5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ አንድ ፍሬ ባቄላ በይው። ይህቺ ባቄላ ውሃ በሞላ ከረጢት ውስጥ ትንሳፈፋለች፤ ከረጢቱን የማህፀን ወፍራም ጡንቻ ከቦታል፤ ማህፀኑን ደግሞ የዳሌ አጥንት ከልሎታል። በሆድሽ ስትተኚ የምትጫኚው ፍራሹን ነው።

(ሳምንት ስንቆጥር የምንጀምረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው። 9 ሳምንት ስንል ፅንሱ ከተፈጠረ 7 ሳምንት ገደማ ነው ማለት ነው። ብዙ እናቶች አልትራሳውንድ የሚነግራቸውና ራሳቸው ያሰሉት ስላልገጠመ ይደናገጣሉ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ይዘሽ ነይ፤ ማስላቱን ለኛ ተዪው።)

አማትሽ ፈጥረው አልነገሩሽም። ትክክለኛ ነገር ይዘው ጊዜውን አስቀደሙት እንጂ። ማህፀን ከብዶ ከዳሌ ከወጣ በኋላ፣ በጀርባ ሲተኛ ከአከርካሪ አጥንት ጎን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ያኔ እናቲቱን ያዞራታል፣ ላብ ላብ ይላታል፣ ልቧን ያጥወለውላታል። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ በጀርባ ተንጋሎ እንቅልፍ መጀመር ፅንሱ ሆድ ውስጥ ከመሞት ዕድል ጋር ግንኙነት እንዳለው በኒው ዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት «በጎንሽ ተኚ» እንላለን። እዚያም ላይ ግራ ብቻ አይደለም፤ ቀኙም ያው ነው። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ግን የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ከ8,700 በላይ አሜሪካውያት ሴቶችን ተከታትሎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። እስከ 30ኛው ሳምንት ድረስ በጀርባ ወይም በቀኝ ጎን የተኙት በግራ ከተኙት የተለየ ችግር አልገጠማቸውም። አንቺ ገና 9ኛው ላይ ነሽ። በሆድሽ፣ በጀርባሽ፣ ተጠቅልለሽ፣ እግርሽን ባልሽ ላይ ጥለሽ፣ እንቅልፍ በወሰደሽበት መንገድ ተኚ።

በሆድ መተኛቱን መቼ ልተው ብለሽ ከሆነ፣ ሰውነትሽ ራሱ ያስተውሻል። ብዙዎቹን ቀድሞ የሚያስቸግራቸው ሆዳቸው ሳይሆን ጡታቸው ነው፤ በነዚህ ሳምንታት ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ሽቦ የሌለው ለስላሳ ጡት መያዣ አድርገሽ መተኛት ይቻላል፤ ወይም ደረትሽ ሥር ቀጭን ትራስ አድርገሽ ጡትሽ ፍራሹን እንዳይነካ ማድረግ። ከ4ኛው ወር በኋላ ሆድሽ ሲገፋ በሆድ መተኛቱ ራሱ አይመችሽም፤ የሚከለክልሽ ሰው አያስፈልግሽም።

የእትብቱን ነገርም ላንሳው፤ ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቅ ነውና። ከ4 ወይም 5 ሕፃናት አንዱ ገደማ ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ይመጣል። እኛ በጣታችን ፈታ አድርገን እናወጣለን፤ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። የሚጠመጠመው ግን ሕፃኑ ራሱ ሆድ ውስጥ ሲገለባበጥ እንጂ እናቱ አልጋ ላይ ስትገላበጥ አይደለም። ኋላ ላይ ሆድሽ ሲከብድ መጀመሪያ በጎን ዞሮ፣ በክንድ ተደግፎ መነሳት ለወገብ ይጠቅማል፤ ምክሩ ለዚያ ከሆነ እሰየው። አማትሽ ሲጠይቁሽም አትከራከሪያቸው። «ሲስተሯ እስከ አምስት ወር ድረስ ችግር የለውም ብላኛለች፣ ከዚያ በኋላ እርስዎ ባሉት እሆናለሁ» በያቸው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

አሁን ወደ ሌባው እንምጣ። ለእንቅልፍሽ ትልቁ ሌባ የሽንት ፊኛሽ ነው። ምክንያቱ ማህፀን ፊኛውን ስለሚገፋው ብቻ አይደለም። ባረገዝሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ኩላሊትሽ የሚያጣራው መጠን ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ሽንቱ በእውነት በዝቷል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ስትውዪ ደግሞ እግርሽ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ማታ ጋደም ስትዪ ወደ ደም ይመለስና ኩላሊት ያወጣዋል። ለዚህ የምመክርሽ ውሃ መቀነስን አይደለም፤ ውሃ መቀነስ ድርቀት፣ ራስ ምታትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል። አብዛኛውን ውሃ ጠዋትና ቀን ጠጪው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጉሮሮን ለማርጠብ ያህል ብቻ ይሁን። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ግማሽ ሰዓት ያህል እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ ጋደም በዪ፤ ውሃው ሌሊት ከሚቀሰቅስሽ አመሻሽ ላይ ይውጣ። ልትተኚ ስትዪ ሽንትሽን ሽኚ፣ ጥርስሽን ቦርሺ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሪ። በሁለተኛው ጊዜ የሚወጣው የተረፈው ነው።

ሽንት ቤቱ ውጭ መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ ብርድ በሌሊት በር ከፍተሽ፣ ጫማ አድርገሽ፣ መብራት ይዘሽ፣ ግቢ አቋርጠሽ ደርሰሽ ስትመለሺ እንቅልፉ ከላይሽ ይገፈፋል። ፖፖ ግዢ። አትሳቂ፤ አያቶቻችን ብልሆች ነበሩ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ፖፖ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከአልጋው ጥግ አድርጊው፣ ጠዋት ባልሽ ይድፋልሽ። ይህቺ ከሥራ ሁሉ ቀላሏ ናት፤ የአባትነት ልምምድ ከዚህ ይጀምር። ስትነሺ የስልክሽን ደማቅ መብራት አታብሪ፤ ስልኩን ከያዝሽው ደግሞ መልእክት ማየት ይመጣል፣ ከዚያማ ነጋ። ደብዘዝ ያለች የሶኬት መብራት ትበቃሻለች።

ሽንትሽ ሲወጣ የሚያቃጥልሽ፣ ሽታው የተለወጠ፣ ከታች ሆድሽን የሚያምሽ ወይም ትኩሳት ያለሽ ከሆነ ግን ይህ የእርግዝና ጸባይ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በማግሥቱ ሽንትሽን አስመርምሪ። በእርግዝና ጊዜ ሳይታከም ከቆየ ወደ ኩላሊት ይወጣል።

ማቅለሽለሹን «የጠዋት ሕመም» ስላሉት ብቻ ጠዋት የሚመጣ አይምሰልሽ። ብዙዎችን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይጀምራቸዋል፤ ሆዱ ባዶ ነውና። እርግዝናው የሚያመነጨው ሆርሞን ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አሁን ያለሽበት ማለት ነው። ለአብዛኞቹ እናቶች ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እየለቀቀ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ትራስሽ አጠገብ ትንሽ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት አስቀምጪ። ሌሊት ስትነሺ አንድ ሁለት ጉርሻ፣ ጠዋትም ከአልጋ ሳትወርጂ ጥቂት ቅመሺ፤ ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ዝንጅብል በልኩ በሻይ ያግዛል። ቫይታሚን ቢ6 ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ መጠኑን ግን የሚነግርሽ የምትከታተልሽ ባለሙያ ትሁን።

ጾሙን በተመለከተ እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርሽ። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ የምትውዪ ከሆነ ማቅለሽለሹ ይብስብሻል፤ ማታ ደግሞ ርቦሽ ስለምትውዪ አንድ ጊዜ ብዙ ትበያለሽ፣ ከዚያ ቃሩ ይመጣል። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለነፍሰ ጡር የሚያዝኑ አባቶች ብዙ ናቸው። ከምግቡ ዓይነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው፤ ሽሮም ምስርም ጥሩ ነው፣ ብቻ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሁን።

ቃር የሚመጣው ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን በሆድ ዕቃና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለውን በር የሚዘጋውን ጡንቻ ስለሚያላላው ነው። በሩ ልል ከሆነ ጋደም ስትዪ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። በከተማችን እራት የሚበላው ከምሽቱ 2 እና 3 ሰዓት ነው፤ በ4 ሰዓት ይተኛል። ይህ ላንቺ አይሆንም። እራትሽን 1 ሰዓት ላይ ብዪና ሌላው በሚበላበት ሰዓት አብረሽ ተቀመጪ፣ አውሪ፤ ጉርሻ ቢመጣ እምቢ በዪ (በአማት ቤት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ)። በርበሬ የበዛበት ወጥ በምሳ ሰዓት ይሁን። ትራስ መደራረብ ብዙም አይጠቅምም፤ አንገትሽን አጥፎ ሆድሽን ይጨቁነዋል። ከዚያ ይልቅ በአልጋው ራስጌ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች ጡብ ወይም እንጨት ላይ አስቀምጪያቸው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃል። አልጋው እንዳይንሸራተት ባልሽ በደንብ ያደላድለው። በግራ ጎን መተኛት አሁን ላንቺ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጨጓራ ባለበት አቀማመጥ የተነሣ በግራ ሲተኛ አሲዱ ለመውጣት ይቸገራል። ቃር በያዘሽ ሌሊት በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ሲለቅሽ ወደ ወደድሽው ዙሪ። ይህ ካልረዳሽ ለነፍሰ ጡር የሚሆኑ የቃር መድኃኒቶች አሉ፤ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ግን ይቅርብሽ።

ቀን ቀን የሚጫጫንሽ እንቅልፍ ስንፍና አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ያው ፕሮጄስትሮን ያደነዝዛል፤ ሰውነትሽም እንግዴ ልጁን እየሠራ ነው፣ ቀላል ሥራ አይደለም። ከምሳ በኋላ ባለው ዕረፍት መምህራን ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ 20 ደቂቃ ዓይንሽን ብትጨፍኚ ቀኑ ይቀልሻል። ከ9 ሰዓት በኋላና ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተኛሽ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ነው የምትበዪው። ለርዕሰ መምህርሽ ገና መንገር ካልፈለግሽ፣ ቢያንስ ለአንዲት ባልደረባሽ ንገሪያት። ሦስት ወር እስኪሞላ ደብቀን የምንይዘው ልማዳችን ክፋት የለውም፤ ግን ብቻሽን ተሸክመሽው የትም አትደርሺም።

ስለ ቡና ሳልናገር ባልፍ ኢትዮጵያዊት አይደለሁም። ቡና ተዪ አልልሽም። ካፌይን ግን በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከተጠጣው ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ይህ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይረዝማል። የከሰዓት ቡና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ 11 ሰዓት ላይ ከተነሳሽ እኩለ ሌሊት ላይም ቡናው አብሮሽ አለ ማለት ነው። ጠዋት አንድ ሲኒ ጠጪ፤ ከሰዓት ለወጉ ተቀመጪ፣ ሲኒው ይለፍሽ። የብዙ ነፍሰ ጡሮች አፍንጫ ይህን ሥራ ራሱ ይሠራላቸዋል፤ ቡና ሲቆላ ገና ከጭሱ ይሸሻሉ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግርሻለሁ፤ ጤና አዳም ቡናሽ ውስጥ አትጨምሪ፣ ለሆድ ቁርጠት ብለሽም ጨምቀሽ አትጠጪ። ማህፀንን የሚያኮማትር ነገር አለበት፤ ስሙ ጤና ቢሆንም ለነፍሰ ጡር ጤና አይደለም። ኮሶንም እንደዚሁ።

ስለ ከሰልም ልጨምር። ይህን አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ የምፈራው ነገር ነው። ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙ የቀረበትን ምድጃ ለሙቀት ብለው መኝታ ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ጭሱ ስላለቀ ችግር የሌለ ይመስላል። አይደለም፤ ቀይ ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። በር ዘግተው ከተኙበት እንቅልፍ ላይ እያሉ ይገድላል። በሆድሽ ላለው ደግሞ ከአንቺ የባሰ ነው፤ መርዙ በፅንስ ደም ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል፣ ቶሎም አይለቅም። በአንድ ክፍል ውስጥ ምግብም እንቅልፍም የሚሆንባችሁ ከሆነ ምድጃውን ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ አውጡት። ለብርዱ ካልሲና ጋቢ ይበቃሻል። የነፍሰ ጡር ገላ በጥቂቱ ስለሚሞቅ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ከምትለብሺ ሁለት ስስ ደርቢ፤ ሌሊት ሲሞቅሽ አንዱን ትገፊዋለሽ።

ጋቢ ካነሳን አይቀር፣ በየማስታወቂያው የሚታየው ረጅም የእርግዝና ትራስ ላይ ገንዘብሽን አታውጪ። ጋቢሽን በቁመቱ ጠቅልለሽ በገመድ ወይም በመቀነት ሁለት ቦታ እሰሪው። በጎን ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል አድርጊው፤ የሚያምሽ ዳሌና ወገብ ያርፋል። በጀርባሽ ስትተኚ ከጉልበትሽ ሥር። ትከሻሽ የደነዘዘው አንድ ጎን ላይ ተጣብቀሽ ስላደርሽ ነው፤ ከዛሬ ጀምረሽ ስትገላበጪ ይለቅሻል። ስፖንጅ ፍራሽሽ መሃሉ ጎድጉዶ ከሆነ ገልብጪው፣ ራስጌና ግርጌውንም አቀያይሪው።

ዘመዶችሽ ቆላ ካሉና ለበዓል ወደዚያ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አጎበር ውስጥ ተኚ። ወባ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው አብልጦ ይጎዳል።

አሁን ወደ ኪኒኑ። አይሆንም። ዲያዜፓምም ሆነ አሚትሪፕቲሊን፣ ጎረቤት «እኔን ረድቶኛል» ብላ የምትሰጥሽም ቢሆን፣ ከመድኃኒት ቤት በራስሽ ገዝተሽ አትውሰጂ። (ይህን የምታነብ ሌላ እናት ካለችና ለሚጥል በሽታ ወይም ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ከዚህ ተነስታ በድንገት እንዳታቆም፤ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው፣ ሐኪሟን ታማክር።) ከዕፅዋት ነው ተብሎ የሚሸጥ የእንቅልፍ ሻይም እንደዚያው፤ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ወገብሽን ወይም ራስሽን ካመመሽ ፓራሲታሞል ይሻልሻል፤ እኛ አገር እንደ ከረሜላ የሚሸጠውን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ተዪ። ለከባድ ማስመለስ የምንሰጣቸው አንዳንድ መድኃኒቶች እንቅልፍም ያመጣሉ፤ እነሱን የምትወስጂው ታዝዞልሽ ነው። የተሰጠሽን አይረንና ፎሊክ አሲድ ግን አታቋርጪ፤ በተለይ ፎሊኩ ለልጁ አከርካሪና አንጎል የሚያስፈልገው በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ነው። አይረኑ ጠዋት ካስመለሰሽ ከእራት በኋላ ውሰጂው፤ ከቡናና ከሻይ ግን አርቂው፣ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ማታ ማታ እግርሽን አላስቀምጥ የሚልሽ፣ ካላንቀሳቀስሽው የማያርፍ ስሜት ካለም ንገሪን፤ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል።

ስለ ፍርሃቱ ትንሽ ልበል። በመጀመሪያ እርግዝናዬ እኔ ራሴ፣ ለሌሎች ሳስተምር እየዋልኩ፣ ማታ በጀርባዬ እንዳልዞር ወገቤ ላይ ፎጣ ቋጥሬ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያውም በሦስተኛ ወሬ። የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ሆድ ጋር ሲሆን ጠፋኝ። ስለዚህ ማልቀስሽ አላስገረመኝም። ሕልምም የሚበዛብሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ ሌሊት ደጋግመሽ ስለምትነቂ ሕልሙን ታስታውሺዋለሽ፣ ሌላ ነገር የለውም። ጠዋት እየዞርሽ አታስፈቺው፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? ለሊት ሐሳብ ሲያናውጥሽ አልጋ ላይ አትታገዪ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ተነሺና ጋቢሽን ተከናንበሽ ተቀመጪ፣ የሚያረጋጋሽን ነገር አድርጊ፤ ጸሎትም ይሁን ልብስ ማጣጠፍ። ሲመጣብሽ ተመለሺ። ነገር ግን ቢተኙም ባይተኙም ቀኑን ሙሉ የሚጨልምብሽ፣ ምንም የማያስደስትሽ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈው እሱ የእርግዝና እንቅልፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድባቴ በእርግዝና ጊዜም ይመጣል፤ ይታከማልም። ለኔ ብጤ ባለሙያ ንገሪያት።

ሌሊቱን እስኪነጋ ሳትጠብቂ የምትሄጂበትን ደግሞ ልንገርሽ። ደም ከፈሰሰሽ፣ በአንድ ጎን በኩል ከታች ሆድሽን በኃይል ከወጋሽ፣ ትከሻሽ ጫፍ ላይ ያልታወቀ ሕመም ከተሰማሽ ወይም ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። (በጎን ከመተኛት የመጣው ያንቺ ድንዛዜ ሲገላበጡ የሚለቅ ነው፤ ይኼኛው አይለቅም።) ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሆድሽ አልረጋ ካለ፣ ሽንትሽ ከጠቆረና ከቀነሰ፣ ኪሎሽ እየወረደ ከሆነ በማግሥቱ ነይ፤ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጥሻል። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ከቀላና ካመመሽም አትቆዪ።

ክትትል ጀምረሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም 12ኛው ሳምንት ሳያልፍ እንዲሆን ይመክራል። ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል፤ በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ደምሽ፣ ሽንትሽና የደም ግፊትሽ ይታያል። በዚያ ቀን አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፤ አዋላጇ ፊት ለፊታቸው ብታስረዳቸው ከኔ ጽሑፍ ይሻላል።

በሆድሽ መተኛት ሲያቅትሽ፣ 20ኛው ሳምንት አካባቢ፣ እንደገና ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ጎን እንነጋገራለን።